ከበሮው መጨረሻ የገባበት አልበም፦ የዴፍ ሌፐርድ «ሂስቴሪያ» አሠራር

አንድ የሮክ ባንድ ስቱዲዮ ሲገባ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ድራሙ ይቀዳል፣ ቤዝ ጊታሩ ይከተላል፣ ጊታሮቹ ይደረባሉ፣ ድምፃዊው መጨረሻ ላይ ይገባል። ቤት ከመሠረቱ እንደሚጀመር ሁሉ ማለት ነው። የእንግሊዙ ዴፍ ሌፐርድ ኦገስት 3 ቀን 1987 ያወጣው «ሂስቴሪያ» ግን ከጣሪያው ተጀምሮ ወደ መሠረቱ የወረደ አልበም ነው። ጊታሩና ድምፁ በመምሪያ የከበሮ ማሽን ላይ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ ነው ዛሬ የምንሰማው የድራም ድምፅ የገባው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ አልበም ሲወራ ሁለት ነገሮች ሳይነሱ አይታለፉም። አንዱ ሦስት ዓመት መፍጀቱ ነው፤ ሌላው ከበሮ መቺው ሪክ አለን በሥራው መሀል በመኪና አደጋ ግራ እጁን ማጣቱ። ብዙ ጊዜ ለየብቻ ይተረካሉ፤ የመጀመሪያው የስቱዲዮ ወሬ፣ ሁለተኛው የጽናት ታሪክ ሆኖ። ቀረጻውን ጠጋ ብሎ ላየ ግን ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው። ሥራውን እንደዚያ ያንዛዛው አሠራር ራሱ ነው አለንን ከበሮው ላይ ያቆየው።

ከ«ትሪለር» በታች የቀረው

ዴፍ ሌፐርድ በ1977 የተመሠረተው በብረት ፋብሪካዎቿ በምትታወቀው ሼፊልድ ነው። በዚህ አልበም ጊዜ ድምፃዊው ጆ ኤሊየት፣ ቤዙን የያዘው ሪክ ሳቬጅ፣ ጊታሪስቶቹ ስቲቭ ክላርክና ፊል ኮለን፣ ከበሮ መቺው ሪክ አለን ነበሩ። አለን ባንዱን ሲቀላቀል ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ሦስተኛው አልበማቸው «ፓይሮሜኒያ» በ1983 በአሜሪካ ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ድረስ ወጥቶ እዚያው ቆመ። ከላይ አላስነካም ያለው የማይክል ጃክሰን «ትሪለር» ነበር።

ፕሮዲውሰራቸው ሮበርት ጆን ላንግ፣ ሁሉም «መት» ላንግ የሚለው፣ በዛሬዋ ዛምቢያ ተወልዶ ደቡብ አፍሪካ ያደገ ሰው ነው። ዴፍ ሌፐርድን ከመያዙ በፊት ኤሲ ዲሲ የተባለውን የሮክ ባንድ «ባክ ኢን ብላክ» አልበም ሠርቷል። ላንግ «ትሪለር»ን በጥሞና ነበር የተመለከተው፤ ከዘጠኙ ዘፈኖች ሰባቱ ነጠላ ዜማ ሆነው ወጥተው ሁሉም ሰርተዋል። ለቀጣዩ የዴፍ ሌፐርድ አልበም ያስቀመጠው ግብም ከዚህ የመጣ ነው፦ መሙያ ዘፈን የሌለበት፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሬድዮ ላይ የሚቆም የሮክ አልበም። ይህን ግብ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ከዚህ በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው። አሥር ዘፈን ካለው አልበም ሦስቱን ብቻ ለሬድዮ የሚያዘጋጅ ባንድ የቀሩትን ሰባት በፍጥነት ቀድቶ ይወጣል። ሁሉንም ለሬድዮ የሚያዘጋጅ ግን የሚያልፈው ዘፈን የለውም።

ዝግጅቱ በ1984 መጀመሪያ ደብሊን ውስጥ ተጀመረ። ላንግ ዘፈኖቹን አብሮ ከጻፈ በኋላ ግን ድካም ጣለውና ተወ፤ ከዚያ በፊት አልበም በአልበም ላይ ያለ እረፍት ሠርቶ ነበር። በእሱ ቦታ የመጣው «ባት አውት ኦፍ ሄል» የተባለውን አልበም የደረሰው ጂም ስታይንማን ነው። ቀረጻውም ኔዘርላንድ፣ ሂልቨርሰም በሚገኘው የዊሰሎርድ ስቱዲዮ ቀጠለ። አልሆነም። ስታይንማን ባንድ በአንድ ላይ ሲጫወት የሚወጣውን ስሜት የሚያሳድድ ሰው ነው። እነ ኤሊየት ደግሞ በላንግ እጅ ሁለት አልበም ከሠሩ በኋላ እያንዳንዱን ድምፅ እንደ ጡብ ደርድሮ መገንባት ለምደዋል። ለወራት የተቀዳው ተጣለ። ቀጥለው ከድምፅ መሐንዲሱ ናይጀል ግሪን ጋር ሆነው ራሳቸው ሊሠሩት ሞከሩ፤ ያም ብዙ አላስኬደም። ፕሮዲውሰር ሲቀየር የሥራው ቅደም ተከተል፣ የመሣሪያው አመራረጥና «ይሄ አልቋል» የሚባልበት መስፈርት ሁሉ አብሮ ይቀየራል። በግማሽ የተሠራ አልበም ላይ ይህን ማድረግ ከዜሮ መጀመር ነው።

ዲሴምበር 31 ቀን 1984 ሪክ አለን ከሼፊልድ ውጪ ኤ57 በሚባለው መንገድ ላይ ኮርቬት መኪናው ተገለበጠችበት። ግራ እጁ ተቆረጠ። ሐኪሞች መልሰው ሰፍተውለት ነበር፤ ቁስሉ ስላመረቀዘ ግን እንደገና መቁረጥ ግድ ሆነ። 21 ዓመቱ ነበር። ላንግ ወደ ሥራው የተመለሰው ከዚህ በኋላ፣ በ1985 ነው።

አንድ ኮርድ እንደ ዶሮ ብልት

ላንግ ሲመለስ የተከተለው አሠራር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል፦ አብሮ መቀዳት የማያስፈልገው ነገር አብሮ አይቀዳም። ይህ ጊታር ላይ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ማየት ይሻላል።

ሮክ ጊታር ድምፁን የሚያገኘው ከዲስቶርሽን፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ ከሚያሻክረው መሣሪያ ነው። ዲስቶርሽን ውስጥ አንድ ኖታ ሲገባ ያው ኖታ ወፍሮና ሻክሮ ይወጣል። ሁለት ኖታ አብሮ ሲገባ ግን መሣሪያው ማንም ያልተጫወታቸውን ድምፆች ይፈጥራል፤ የሁለቱን ድምርና የሁለቱን ልዩነት። ኤ የምትባለው ኖታ 220 ኸርዝ፣ ሲ ሻርፕ የምትባለው ደግሞ 277.2 ኸርዝ ናት እንበል። ልዩነታቸው 57.2፣ ድምራቸው 497.2 ይመጣል። 57.2 ከታችኛው ኤ (55) እና ከኤ ሻርፕ (58.3) መሀል የተሰነቀረ፣ ከየትኛውም ጋር የማይስማማ ጉርምርምታ ነው። 497.2 ደግሞ ወደ ቢ (493.9) የሚጠጋ፣ ከኤ ሜጀር ኮርድ (ኤ፣ ሲ ሻርፕና ኢ አብረው ሲመቱ ከሚወጣው ድምፅ) ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው ድምፅ ነው። ኮርዱ የደፈረሰ ውሃ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ሮክ ጊታሪስቶች ሦስተኛዋን ኖታ ትተው ኤ እና ኢን ብቻ የሚመቱትም ስለዚህ ነው፤ 329.6 ላይ ያለው ኢ ከኤ ሲቀነስ 109.6 ይሰጣል፣ ይህም ታችኛው ኤ (110) ላይ ልክ ይቀመጣል ማለት ይቻላል።

ችግሩ ዜማ የሚያምረው በሦስተኛዋ ኖታ መሆኑ ነው። ሜጀርና ማይነርን፣ ፍንደቃንና ትካዜን የምትለየው እሷ ናት። ሜሎዲክ ሮክ ሁለቱንም ይፈልጋል፦ የዲስቶርሽኑን ጉልበትና የሦስተኛዋን ኖታ ጣዕም። ላንግ ያገኘው መውጫ ኮርዱን እንደ ዶሮ ብልት መለያየት ነው። ጊታሪስቱ ኤን ብቻ ለብቻው ትራክ (ቴፑ ላይ ያለ የተለየ የመቅጃ መስመር) ላይ ይቀዳል፣ ቴፑ ይጠነጠናል፣ ሲ ሻርፕ በሌላ ትራክ ላይ ይቀዳል፣ እንደገና ይጠነጠናል፣ ኢ ይቀዳል። ክራር ላይ ክሮቹን በአንዴ ከመግረፍ ይልቅ እያንዳንዱን ክር ለብቻ ቀድቶ በኋላ እንደማገናኘት ነው። እያንዳንዱ ኖታ በራሱ ዲስቶርሽን ውስጥ ስለሚያልፍ ድምርና ልዩነት የሚባል ነገር አይፈጠርም፤ ሲገናኙ ኮርዱ እንደ መስታወት የጠራ፣ ግን እንደ ሮክ የሻከረ ሆኖ ይሰማል። ስሙን ለአልበሙ የሰጠው «ሂስቴሪያ» ዘፈን ላይ ያሉት ጊታሮች በዚህ መንገድ ኖታ በኖታ የተገነቡ ናቸው።

ጥቅሙ በዚህ አያበቃም። ጊታር ላይ ሦስተኛዋ ኖታ በተፈጥሮ ስምምነት መሆን ካለባት በ14 ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው) ያህል ከፍ ትላለች፤ የመሣሪያው ፍሬቶች፣ አንገቱ ላይ ያሉት ዘንጎች፣ የተከፈሉት እንደዚያ ነው። ሦስት ክር አብሮ ሲመታ ማስተካከል አይቻልም። ለብቻዋ ስትቀዳ ግን ክሯን ትንሽ አላልቶ ቦታዋ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል።

ዋጋውስ? አራት ኮርድ ያለው ተራ ዙር፣ በሦስት በሦስት ኖታ፣ ለግራና ለቀኝ ድምፅ ማውጫ ሁለት ሁለቴ ሲቀዳ 4 × 3 × 2 = 24 ቅጂ ይሆናል። አንድ ጊታሪስት በአሥር ሰከንድ የሚጫወተው ነገር ከሰዓት በኋላውን ይበላል። በዚያ ላይ የሚበላሹ ነገሮች አሉ። ሦስቱ ኖታዎች አነሳሳቸው በሃያ ሠላሳ ሚሊ ሰከንድ ከተዛነፈ ኮርዱ አንድ መሆኑ ይቀርና ሦስት ሰው በየፊናው የሚመታ ይመስላል። የትራኮቹ ቁጥር በእጥፍ ባደገ ቁጥር የቴፑና የመሣሪያው ሽውታ በ3 ዴሲቤል ይጨምራል፤ አሥራ ስድስት ትራክ ተደራርቦ ሲሰማ ከአንዱ ይልቅ 12 ዴሲቤል የበለጠ ሽውታ አለው። ስለዚህ ኖታው ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ያለው ዝምታ አንድ በአንድ መጽዳት አለበት። በእጅ።

ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠለው ማጉያ

ሌላው ሰዎችን የሚገርመው ነገር በዚህ ግዙፍ ድምፅ ባለው አልበም ላይ ግዙፍ ማጉያ አለመኖሩ ነው። ጊታሮቹ በአብዛኛው የተቀዱት ሮክማን በምትባል፣ በስምንት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ የምትሠራ፣ ቀበቶ ላይ በምትንጠለጠል ሳጥን ነው። የሠራት ቦስተን የተባለው ባንድ መሥራች፣ የኤም አይ ቲ መሐንዲሱ ቶም ሾልዝ ነው፤ ገበያ የወጣችው በ1982 ሲሆን ዓላማዋ ጊታሪስት ቤቱ ሆኖ ጎረቤት ሳይረብሽ በጆሮ ማዳመጫ እንዲለማመድ ነበር። ዲስቶርሽን፣ ኮምፕረሰር፣ ኮረስና ኤኮ የሚባሉት የድምፅ ማሳመሪያዎች ውስጧ አሉ። ማይክሮፎን አያስፈልግም፤ ገመዱ በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ይሰካል።

ላንግ ይህችን የመረጠው አምስት ባለ አራት ድምፅ ማውጫ ማጉያ መግዛት አቅቶት አይደለም። በሙሉ ኃይሉ የተከፈተ ትልቅ ማጉያ ብቻውን ሲሰማ ያስደነግጣል፤ ከታች እስከ ላይ ያለውን የድምፅ ስፋት ሁሉ ግን ይይዘዋል። እንዲህ ያለውን ጊታር ስምንቴ ብትደርበው ለድምፃዊና ለተቀባዮች የሚቀር ቦታ የለም። የሮክማን ድምፅ ጠባብ ነው፤ ከታችም ከላይም ተቆርጦ መሀሉ ብቻ የቀረ። ጠባብ በመሆኑ ይደረደራል። እዚህ ላይ ወሳኙ ጥያቄ አንድ ጊታር ብቻውን ምን ያህል ያምራል ሳይሆን አሥር ሆኖ ምን ያህል ቦታ ይይዛል ነው፤ ጀማሪ ድምፅ ቀራጮች ሁሌ የሚሳሳቱትም እዚህ ነው፣ እያንዳንዱን ትራክ ለብቻው ሲያሳምሩ ይውሉና ሲገናኝ ጭቃ ይሆንባቸዋል።

ይሁንና ምርጫው ያለ ጉዳት አልነበረም። አልበሙን ሚክስ ያደረገው ማይክ ሺፕሊ የሮክማኑ ጊታሮች ቀጫጭን ሆነው እንዳስቸገሩት በኋላ ላይ በግልጽ ተናግሯል። እውነቱን ነው። «ሂስቴሪያ»ን ከ«ፓይሮሜኒያ» ጋር አከታትሎ ያዳመጠ ሰው ጊታሩ ጥርሱን እንዳጣ ይሰማዋል። ያገኘው ብርሃንና ስፋት ነው፤ የከፈለው ደግሞ ክብደት።

አርባ ስምንት ሰው የሚመስል አዝማች

አዝማቹ ላይ የሚሰማው የሕዝብ ጩኸት የሚመስል ድምፅ የተሠራው በጥቂት ሰዎች ነው፤ የባንዱ አባላትና ላንግ ራሱ ተቀባይ ሆነው ደጋግመው ቀድተውታል። ስሌቱ ቀላል ነው። አራት ሰው፣ ሦስት የተለያየ የድምፅ መስመር፣ እያንዳንዱ አራቴ ቢቀዳ 48 ድምፅ ይሆናል።

በዚያ ዘመን የስቱዲዮ ቴፕ በተለምዶ 24 ትራክ ነው። ሁለት ማሽን አገናኝቶ ማስኬድ ይቻላል፣ ግን እያንዳንዱ አንድ ትራኩን ለማጣጣሚያው ምልክት ስለሚሰጥ የሚቀረው 46 ነው። አንዱ አዝማች ብቻውን ሁሉንም ይሞላዋል ማለት ነው። ስለዚህ ተቀባዮቹ በቡድን በቡድን ይቀዱና ወደ ሁለት ትራክ ይጠቀለላሉ፣ የተጠቀለለው ወደ ዋናው ቴፕ ይሻገራል፣ ባዶ የሆነው ትራክ እንደገና ይሞላል። አንዴ ከተጠቀለለ በኋላ አንዱን ድምፅ ብቻ ዝቅ ማድረግ አይቻልም። አንዱ ከዜማ ወጥቶ ከሆነ ያለው ምርጫ ያንን መታገሥ ወይም ሁሉንም መድገም ነው፤ ላንግ ታጋሽ ሰው አልነበረም።

ተቀባይ መደረብ የሞከረ ሁሉ የሚያውቀው ወጥመድ የቃላት መጨረሻ ነው። አርባ ስምንት ሰው «ስ» እና «ት»ን በአንድ ቅጽበት አይጨርስም፤ ውጤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ይሆናል። መፍትሔው መጨረሻዋን ፊደል አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ እንዲላት ማድረግ ነው፤ የቀሩት አናባቢው ላይ ይቆማሉ። ትንፋሽም እንዲሁ፤ አንዱ ይተነፍሳል፣ የሌሎቹ ይቆረጣል።

ከበሮው

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። ጊታሩና ድምፁ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲቀዳ ይከተል የነበረው የከበሮ ማሽንን መምሪያ ምት ነው። የመጨረሻው የድራም ድምፅ የወጣው ሲድኒ፣ አውስትራሊያ ከተሠራው ፌርላይት ኮምፒውተር ነው። የድራሙን ክፍሎች፣ ስኔር፣ ኪክ፣ ቶም እየለዩ እያንዳንዳቸው አንድ ምት ተቀድቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል፤ ዘፈኑ ላይ የት የት እንደሚመታ ይነገረዋል። የኪኩ ድምፅ አልጣመም? ድምፁ ብቻ ይቀየራል፣ አመታቱ እንዳለ ይቆያል። ዘፈኑ ካለቀ ከአንድ ዓመት በኋላም ቢሆን መለወጥ ይቻላል።

ይህ ዘዴ ከአደጋው የመጣ አይደለም፤ ላንግ ወደዚህ አቅጣጫ መሄድ የጀመረው በ«ፓይሮሜኒያ» ነው። አደጋው ሲመጣ ያመጣውን ልዩነት ግን ማሰብ አያዳግትም። በተለመደው አሠራር ቢሆን ኖሮ ከበሮ መቺው ከሌለ የመጀመሪያዋ ትራክ አትቀዳም። ባንዱ ወይ ሰው መቀየር ወይ ሥራውን ማቆም ነበረበት። እዚህ ግን የአለን ተራ የመጨረሻ ነበር። እሱ ሆስፒታል ሆኖ፣ ከዚያም ከአልጋው ተነስቶ ምቱን ከእግሩ ጋር እንደ አዲስ ሲያስማማ ጊታሮቹ ኖታ በኖታ እየተቀዱ ነበር። ማንም እሱን እየጠበቀ አልቆመም፤ ማንም በእሱ ቦታ አልተተካም።

አለን የግራ እጁን ሥራ ወደ ግራ እግሩ አዛወረ። ለዚህም የሲመንስ የኤሌክትሮኒክስ ድራም ተዘጋጀለት፤ እጁ ይመታው የነበረውን ስኔርና ቶም በፔዳል እንዲጠራ ተደርጎ። ከባዱ ነገር ጉልበቱ ላይ አልነበረም። ከበሮ መቺ በልጅነቱ ግራ እጅና ቀኝ እጅ እየተፈራረቁ እንዲመቱ አእምሮውን አስተምሮታል፤ አሁን ቀኝ እጅና ግራ እግር እንዲፈራረቁ ማስተማር ነው። እግር ደግሞ ከእጅ ይከብዳል፣ ስለዚህ ሐሳቡ ቀደም ብሎ መነሳት አለበት።

ኦገስት 1986 አየርላንድ ውስጥ በጥቂት ትንንሽ መድረኮች ተሞከረ። ስታተስ ኩዎ የተባለው ባንድ ከበሮ መቺ ጄፍ ሪች ለጥንቃቄ ከጎኑ ሌላ ድራም ይዞ ተቀመጠ። አንድ ምሽት ሪች ዘገየና አለን ብቻውን ጀመረ፤ ብቻውን እንደሚችልም በዚያው ታየ። ኦገስት 16 በእንግሊዙ የካስል ዶኒንግተን ፌስቲቫል ላይ ባንዱ ያለ ሁለተኛ ከበሮ መቺ ወጣ። የአልበሙን ርዕስ ያወጣው አለን ነው፤ አደጋውን ተከትሎ በዙሪያው የተነሳውን ግርግር ለመግለጽ።

ፌርላይቱ ሌላም በር ከፍቷል። «ሮኬት» ላይ ያለው ተደጋጋሚ የከበሮ ምት መነሻው «ቡሩንዲ ብላክ» የተባለው፣ በቡሩንዲ ከበሮ መቺዎች ቅጂ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ሸክላ ነው። በዚያው ዘፈን መግቢያ ላይ የሚሰማው እንግዳ ቋንቋ የሚመስል ድምፅ ደግሞ «ጎድስ ኦፍ ዎር» ከሚለው ሌላ ዘፈናቸው ተወስዶ የኋሊት የተገለበጠ አዝማች ነው። ሁሉም ነገር ተለያይቶ ስለተቀመጠ ከአንዱ ዘፈን ቆርጦ ሌላው ላይ መስፋት ቀላል ነበር።

ሦስት ዓመትና ሁለት ሳምንት

አሠራሩ የያዘው ትልቁ አደጋ ማለቂያ ማጣት ነው። ሁሉ ነገር በኋላ ሊቀየር የሚችል ከሆነ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚያስገድድ ነገር የለም። «አኒማል» የተባለው ዘፈን ለዚህ ምስክር ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ደጋግሞ ተሠርቷል።

ከዚያ ተቃራኒው መጣ። አልበሙ አለቀ በተባለበት ሰዓት፣ በእረፍት ጊዜ ጆ ኤሊየት አኩስቲክ ጊታር ይዞ አንድ አዝማች ሲያንጎራጉር ላንግ ሰማው። ይሄ ካልገባ አልበሙ አልሞላም አለ። «ፖር ሰም ሹገር ኦን ሚ» በሁለት ሳምንት ገደማ ተጽፎ ተቀድቶ አለቀ። ያው ስቱዲዮ፣ ያው ሮክማን፣ ያው ፌርላይት፣ ያው የተደራረበ ተቀባይ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ሦስት ዓመት የተለማመዱት እጅና ጆሮ፣ እንዲሁም ለማመንታት ጊዜ አለመኖሩ ይመስለናል። የመሣሪያውን ጠባይ ጨርሰው ካወቁት በኋላ መገንባቱ ራሱ ፈጣን ነው።

አሥራ ሁለት ዘፈን፣ 62 ደቂቃ ከግማሽ። ይህ ርዝመት ለሲዲ ምቹ ነው፤ በ1987 ግን ብዙ ሰው ሸክላና ካሴት ነበር የሚገዛው። 62 ደቂቃ በአንድ ሸክላ ሁለት ገጽ ሲከፈል በገጽ 31 ደቂቃ ይደርሳል። ሸክላው በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ስለሚዞር መርፌው በአንድ ገጽ ከ1030 ዙር በላይ ይሄዳል፤ በተለመደው የ20 ደቂቃ ገጽ 667 ብቻ ነው። ለመስመሮቹ ያለው ወርድ ወደ 86 ሚሊ ሜትር ነው። ሲካፈል ለአንድ ዙር 0.13 መሆን የነበረበት ቦታ ወደ 0.08 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። መስመሩ ጎረቤቱን እንዳይነካ ድምፁ ዝቅ፣ ቤዙ ቀጠን ተደርጎ መቀረጽ አለበት። አንዱን ኖታ ለማጥራት ስንት ሌሊት የነጋበት ሥራ በብዙ ቤት የተሰማው እንዲህ ተጨምቆ ነው። ይህን አልበም በሸክላ ብቻ የሚያውቅ ሰው በሲዲ ቢሰማው ቤዙ ላይ ያለውን ልዩነት ወዲያው ያገኘዋል።

ከወጣ በኋላ

ወጪው ከፍተኛ ስለነበር አልበሙ ኪሳራ ውስጥ ላለመግባት ብቻ አምስት ሚሊዮን ቅጂ መሸጥ ነበረበት ይባላል። እንግሊዝ ውስጥ በወጣበት ሳምንት 1ኛ ሆነ። አሜሪካ ግን ጀርባ ሰጠው፤ እዚያ መጀመሪያ የተለቀቀው ነጠላ ዜማ «ዊመን» ከ80ኛ ደረጃ አላለፈም። «አኒማል» 19ኛ፣ «ሂስቴሪያ» 10ኛ ሆኑ። በር የከፈተው ያ መጨረሻ ላይ የገባው ዘፈን ነው። «ፖር ሰም ሹገር ኦን ሚ» በ1988 በጋ 2ኛ ደረጃ ሲደርስ አልበሙ ከወጣ አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በጁላይ፣ አሜሪካ ውስጥ 1ኛ ሆነ። «ላቭ ባይትስ» በኦክቶበር በነጠላ ዜማ ሰንጠረዥ 1ኛ፣ «አርማጌዶን ኢት» 3ኛ፣ «ሮኬት» 12ኛ። ሰባት ነጠላ ዜማ፤ ላንግ ከ«ትሪለር» የቆጠረው ቁጥር። አልበሙ በዓለም ዙሪያ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

ባንዱ ይህን አሠራር እንዳለ ለዘላለም አልያዘውም። ስቲቭ ክላርክ ጃንዋሪ 8 ቀን 1991 አረፈ፤ «አድሬናላይዝ» በ1992 በተመሳሳይ መንገድ ወጣ። በ1996 ግን ለ«ስላንግ» ስፔን ሄደው እንደ ባንድ አብረው እየተጫወቱ ቀዱ፣ አለንም ወደ አኩስቲክ ድራም ተመለሰ። «ሂስቴሪያ» ተነካክቶ አልቆ የቀረ መንገድ ነበር፤ ሌላ ሃያ ትራክ ቢጨመርበት የሚያድግበት ቦታ አልነበረውም።

በ2012 ለዲጂታል ሽያጭ በሚከፈለው ድርሻ ከአሳታሚያቸው ጋር ስላልተስማሙ «ፖር ሰም ሹገር ኦን ሚ»ን ከዜሮ ጀምረው ደግመው ቀዱት፤ ከዋናው እንዳይለይ አድርገው። የተገነባበትን ጡብ አንድ በአንድ ማግኘት ነበረባቸው፦ ያቺን ጠባብ የጊታር ድምፅ፣ ያንን የስኔር ምት፣ የተቀባዮቹን ድርድር። ጆ ኤሊየት ያን ጊዜ 52 ዓመቱ ነበር፤ ሊመስለው የሚሞክረው ጉሮሮ የ27 ዓመት ወጣት ነው። ዋናው ቅጂ ዲጂታል ገበያ የገባው በጃንዋሪ 2018 ነው።